አያቴ ነፍጠኛ ነበሩ ወይስ ገባር? ወረቀቶቹ ይናገሩ!

በኛ አገር ታሪክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የነገሥታት ሙገሳ፣ ሁለተኛው የነገሥታት እርግማን። አንዱ ወገን ሐውልት ሲያቆም ሌላው «ይፍረስ!» ይላል። አንዱ «አገር አቀኑ» ሲል ሌላው «አገር ወረሩ» ይላል። ክርክሩ በየሻይ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ይጦፋል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ግን አንድ ሰው ጠፍቷል። ያ ሰው ራስም ደጃዝማችም ጓድም ያልነበረ፣ ክፈል ሲሉት የከፈለ፣ ዝመት ሲሉት የዘመተ፣ ልቀቅ ሲሉት የለቀቀ ተራ ሰው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያ ሰው የእርስዎ አያት ነው። የኔም አያት ነው።

«ምን ዳቦ ይሆናል የአያት ወሬ?» የሚል አይጠፋም። ዳቦስ አይሆንም። ነገር ግን «አያትህ ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ በዘመናችን ቤት የሚቃጠልበት፣ ሰው የሚገደልበት ጥያቄ ሆኗል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ሻሸመኔ ነደደች። ዝዋይም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው የምርመራ ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። ከሞቱት ውስጥ በመንጋ የተገደሉ አሉ፣ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁም አሉ። ቤታቸው የነደደባቸውን ሰዎች «ምን አጠፋችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። «የማን ዘር ናችሁ?» ነው የተባሉት። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ከከፋ መልሱን ለካድሬና ለመንጋ ከመተው ራሳችን ብንፈልገው አይሻልም ወይ? እኔ በበኩሌ የራሴን አያት ፈልጌአለሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

አራት አድራሻ ያለው አንድ ሰው

የኔ ሰዎች የኩየራ ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስተው በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በአርሲ ነጌሌ አድርገው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሻሸመኔ ከመግባትዎ ትንሽ ቀደም ብሎ ኩየራን ያገኟታል። አያቴ (እኛ ልጆቹ አባባ ነበር የምንላቸው) እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ በ1994 ዓ.ም. እዚያው ተቀበሩ። ለጥቂት ጊዜ ለሥራ ከመውጣታቸው በቀር አገር አልቀየሩም።

እሳቸው አገር ባይቀይሩም አገሩ አድራሻ ይቀይርባቸው ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሰው ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛቱ «ክፍለ ሀገር» ተባለ። ኢሕአዴግ ሲመጣ የኦሮሚያ ክልል፣ የምሥራቅ ሸዋ ዞን ነዋሪ ሆኑ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ መቃብራቸው ወደ ምዕራብ አርሲ ዞን ተዛወረ! ሰውየው አልተነቃነቁም፣ አጥንታቸውም አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው ማኅተሙ ነው።

ስለሳቸው የማውቀው ከሦስት ቦታ የመጣ ነው። አንደኛው የሴት አያቴ የእማማ ትዝታ ነው። ሁለተኛው ከእማማ ሣጥን የወጡ አራት ወረቀቶች። ሦስተኛው ሁላችንም ልናነበው የምንችለው የአገር ታሪክ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በየሻይ ቤቱ የምንጣላበት ታሪክ መልኩን ቀየረብኝ።

ነፍጥ ተሸክመዋል፣ የራሳቸውን ግን አይደለም

ከሥሩ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 የሸዋ ጦር በአርሲ ላይ ደጋግሞ ዘመተ። የዘመቻው ዋና አዝማች ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። አርሲዎች በጦርና በጋሻ ጠመንጃን ተጋፍጠው ለዓመታት አልበገር አሉ፤ በመጨረሻ በብዙ እልቂት ተሸነፉ። የአኖሌ ነገር ከዚያ ዘመን የቀረ ቁስል ነው፣ በ2006 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞለታል። «የለም፣ ሁሉም በፍቅር ነው የተዋሐደው» የሚል ካለ ሽማግሌዎቹን ሄዶ ይጠይቅ። መሬት ተወሰደ፤ ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተቆጠረለት። ይሄ የማይካድ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ማለት ነው። ጣሊያን ምጽዋ ላይ ለሰፈረው ጦሩ ከውጭ ካስገባቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ጠረገው። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ያላረሰ ራበው፤ የራበው ተሰደደ። ቅድመ አያቴ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ግድም የሆናቸው የመንዝ ልጅ ነበሩ ይባላል። ቤተ ሰባቸው ሲያልቅ ወደ ደቡብ የሚወርድ አንድ ወታደር ተከትለው መጡ። ሥራቸው ምን ነበር? የወታደሩን ጠመንጃና ስንቅ መሸከም!

እንግዲህ ዳኙን። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ከነፍጥ የመጣ ነው። ቅድመ አያቴ ነፍጥ ተሸክመዋል፣ የራሳቸውን ግን አይደለም። ወታደሩ መሬት ሲያገኝ እሳቸው በዚያ መሬት ላይ ከብት ጠባቂ፣ ኋላም አራሽ ሆኑ። ያገቡት ደግሞ የአርሲ ልጅ ነው። የሴትዮዋ አባት ከጦርነቱ ቢተርፉም ከብታቸውን በዚያው በሽታ የጨረሱ ሰው ነበሩ። በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ፣ ከሁለት በኩል በአንድ ረሃብ የተመቱ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አባባ የተወለዱት ከነዚህ ነው። ከአባታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከእናታቸው ጋር በኦሮምኛ አደጉ። ከበሬዎቻቸው ጋር የሚነጋገሩት ግን በኦሮምኛ ብቻ ነበር ትላለች የአባቴ እኅት።

በኅዳር በሽታ የተወለዱ

ተራ ሰው የልደት ቀን የለውም። ልደቱ የሚቆጠረው በመከራ ነው። የአባባን የልደት ዓመት እማማን ስጠይቃቸው «በኅዳር በሽታ ነው፤ አራስ ቤት ሆነው እናታቸው ለጥቂት ነው የተረፉት» አሉኝ። የኅዳር በሽታ የሚባለው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው፣ ፈረንጆች የእስፓኝ ጉንፋን ያሉት ወረርሽኝ ነው። በኛ አገር የበረታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ ትዝታ ነው። ስለዚህ የአባባ ልደት 1911 ዓ.ም. ሆነ ማለት ነው። የአውሮፓ ጦርነትና የዓለም ወረርሽኝ ኩየራ ያለች አንዲት ጎጆ ድረስ ገብተዋል።

ይህን ዘዴ አንባቢም ይሞክሩት። ሽማግሌን «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «ጣሊያን ሲገባ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ያርሱ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። «መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ስንት ልጅ ነበርዎ?» ይበሉ። ኦሮሞ ሽማግሌ ከሆኑ በየስምንት ዓመቱ በሚለዋወጠው በገዳ ሥልጣን ቆጥረው ሊነግሩዎት ይችላሉ። ቀኑ ከመጽሐፍ ይገኛል፤ ሰውየው ግን ከመጽሐፍ አይገኝም።

ባንዳ ወይስ አርበኛ?

ጣሊያን ሲገባ አባባ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በግራዚያኒ ጭፍጨፋ ስትታረድ፣ በዚያው ወር ራስ ደስታ ዳምጠው በሐይቆቹ ምዕራብ በኩል፣ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። ጦራቸው የተበተነው በኛ ሰዎች ደጃፍ ነው ማለት ይቻላል።

አባባ በዚያ ዘመን ምን ሠሩ? እማማ እንደነገሩኝ ቀን ቀን ለጣሊያን የመንገድ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር፣ በሊሬ ይከፈላቸው ነበር። ማታ ደግሞ ከጫካ ለሚመጡ ሰዎች እህል ይሰጡ ነበር። «ለማን ነበር የሚሰጡት፣ ለአርበኞች ነው?» ብዬ ብጠይቅ «ጠመንጃ ይዞ ለመጣ ሁሉ!» አሉ እማማ። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ሻሸመኔ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ፣ ማለትም ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው፣ አባባ ያን የፈለጡትን ድንጋይ የእንግሊዝ ካሚዮን ሲሄድበት ቆመው አዩ።

ባንዳ ናቸው? አርበኛ ናቸው? ሜዳልያ አልተሰጣቸውም፣ በባንዳነትም አልተከሰሱም። ያ ዘመን የሰጠን ሁለት ስም ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን የኖረው በሁለቱ ስሞች መሀል ነው።

አንደኛው ወረቀት፦ ገንዘቡ የአባባ፣ ስሙ የሌላ ሰው

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። የመጀመሪያው ወረቀት በ1955 ዓ.ም. የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ ነው። የመሬት ግብር፣ አስራት፣ የትምህርት፣ የጤና እያለ ይዘረዝራል። ለዚህ መሠረቱ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ነው፤ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ በየጋሻው ያስከፍል ነበር። የድሮው የገባር ጉልበት ሥራ ቀርቶ በገንዘብ ይሁን የተባለበት አዋጅ ስለሆነ በወረቀት ላይ መሻሻል ነው። በኋላ የትምህርት ግብር፣ ቆየት ብሎም የጤና ግብር ተጨመረበት።

ደረሰኙ የተቆረጠው በማን ስም ነው? አዲስ አበባ በሚኖሩት በባለርስቱ ስም! ከታች በደቃቅ ጽሕፈት «በእጅ ያመጣው» ይልና የአባባን ስም ያስቀምጣል። በሕጉ ግብር ከፋዩ ባለርስቱ ነው። በተግባር ግን አስራቱን ጢሰኛው ነበር የሚሸከመው። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ይሰጣል፣ አስራቱን ይጨምራል፣ ዶሮውና ማሩ ለምስለኔው ይሄዳል። ልብ በሉ፦ ይሄ ሰው የመንዝ ሰው ልጅ ነው፣ ኑሮው ግን የገባር ኑሮ ነው። ዘሩን ቆጥሮ «ገዢ» ያለው ሁሉ እስኪ ይሄን ደረሰኝ ያንብብ!

በአንድ ወቅት ኑሮው ሲመራቸው ወንጂ ሄደው ሸንኮራ ቆርጠዋል። የወንጂ ነገር ራሱ አስገራሚ ነው። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በኢንዶኔዥያ ትልልቅ የሸንኮራ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ናዝሬት አጠገብ፣ አዋሽ ዳር እርሻ ከፈተ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። ከጃካርታ የተነሳ የነፃነት ትግል የኩየራን ጢሰኛ ቆንጨራ አስያዘው። አባባ ሁለት የቆረጣ ወራት ሠርተው የወባ ትኩሳት ይዘው ተመለሱ። እማማ ስለ ወንጂ የሚያስታውሱት ኪኒኑን ብቻ ነው።

ከዚያ ትራክተር መጣ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የሚባለው፣ የታሰበው ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ትርፍ እንደሚያመጣ ያዩ ባለርስቶች ግን «ጢሰኛ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። በጭላሎም፣ በሻሸመኔና በአርሲ ነጌሌ ዙሪያም በትራክተር ምክንያት ብዙ ጢሰኞች ተነቀሉ። አባባም «ከመኸር በኋላ ትለቃለህ» ተባሉ። ዘመኑ 1966 ዓ.ም. ነበር። መኸሩ ሳይደርስ አብዮቱ ደረሰ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ወረቀት፦ የደርግ ፍቅርና የደርግ ኮታ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ ማረስ ይችላል ተባለ። ጢሰኝነት ቀረ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ ተማሪዎች ወደ ገጠር ገብተው ገበሬ ማኅበር አቋቋሙ። ሁለተኛው ወረቀት የአባባ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት በስማቸው ተጻፈ። እማማ ያን ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ደርግን የሚጠላ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይሄን ሐቅ መካድ የለበትም። የእማማ ስም ግን በመታወቂያው ላይ የለም፤ መሬቱን እኩል ቢያርሙትም አባወራ አይደሉማ!

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሦስተኛው ወረቀት በ1969 ዓ.ም. ለእናት አገር ጥሪ የተዋጣ ገንዘብ ደረሰኝ ነው። የሶማሌ ጦር በገባበት ዓመት ማለት ነው። አገር ተወሮ መዋጮ መክፈል ክብር ነው፤ አባባም ያጉረመረሙ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያስመረራቸው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየዓመቱ የእህል ኮታ ይጥላል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ «መንደር ተመሥረቱ» ተብሎ ጎጆ ተነቅሎ በሠልፍ እንዲተከል ታዘዘ። አባባ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ጎጇቸውን አፍርሰው ግድግዳውን ተሸክመው ሄዱ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ያንኑ ግድግዳ ተሸክመው ተመለሱ። ለዚህ ሁሉ መሄድና መምጣት ይቅርታ የጠየቃቸው የለም።

ያልመጣ ወረቀት

በሣጥኑ ውስጥ የሌለ አንድ ወረቀት አለ። ስለሱ ካልተናገርኩ ይሄን ጽሑፍ ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ኮታ ሆኖ ሄደ፤ ሃያ ዓመቱ ነበር። ወደ ሰሜን መሄዱን ሰምተዋል። ሌላ ነገር አልሰሙም። ደሞዝ አልመጣ፣ ደብዳቤ አልመጣ፣ የሞት ወረቀት አልመጣ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እማማ ለሳምንታት አስፋልቱ ዳር እየተቀመጡ ከካሚዮን የሚወርደውንና በእግሩ የሚጓዘውን ወታደር ፊት ሲያዩ ዋሉ። «ሞተ ያለኝ የለም» እያሉ ለቅሶ ሳይቀመጡ ኖሩ። አባባም ተዝካር ሳያወጡለት ሞቱ።

እንደ አጎቴ ያለ ስንት አለ? በየትኛው ሐውልት ላይ ነው ስሙ? ያኛውም መንግሥት አላወቀውም፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «የደርግ ወታደር» ብሎ ተወው። ነፍጠኛ ነበር? ጨቋኝ ነበር? ልጅ ነበር እንጂ!

አራተኛው ወረቀት፦ «አንድ ብቻ ነው የሚጻፈው»

አራተኛው ወረቀት በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሰጣቸው የቀበሌ መታወቂያ ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት፣ የብሔር ጥያቄ ተመለሰ የተባለበት ዘመን ነው። ይህ ዘመን ምንም በጎ ነገር አላመጣም አልልም። የአባባ እናት ቋንቋ፣ ቀድሞ በመሥሪያ ቤት ሲነገር የሚሳቅበት ኦሮምኛ፣ የጽሕፈትና የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ይሄ ትክክል ነው፤ ዘግይቷል እንጂ አልበዛም።

መታወቂያው ላይ ግን «ብሔር» የሚል መስመር ነበረበት። ጸሐፊው ጠየቃቸው። አባባ፦

«የአባቴን ነው የእናቴን?» አሉ።

«አባት ነዎት፣ ያውቃሉ። አንድ ብቻ ነው የሚጻፈው።»

«እንግዲያ አንተ የወደድከውን ጻፈው፤ እኔ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ።»

ጸሐፊው አንዱን ጻፈ። የትኛውን እንደጻፈ ሆን ብዬ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ አንባቢው ግማሽ በግማሽ ይከፈልብኛል። ሰባ አምስት ዓመት ለሁለት የኖሩትን ሰው አንዲት መስመር ግማሻቸውን ሰረዘቻቸው።

እስኪ እንቁጠር። ዘመን ሲለዋወጥ ይሄ አንድ ሰው በአባታቸው ነፍጠኛ፣ በኑሯቸው ጢሰኛ፣ በድንጋይ ፈላጭነታቸው ባንዳ፣ እህል በመስጠታቸው አርበኛ፣ በ1967 ጭቁን ገበሬ፣ ኮታ ሲዘገይባቸው አድኃሪ፣ በልጃቸው የደርግ ቤተ ሰብ፣ በመታወቂያቸው ደግሞ የአንድ ወገን ብቻ ሊባሉ ይችሉ ነበር። ስሙን ሁሉ የሰጣቸው ሌላ ሰው ነው። ሁሉም ስም ሰጣቸው፣ ሁሉም እህል ወሰደባቸው። «እርስዎ ራስዎን ማን ይላሉ?» ያላቸው ግን የለም።

ጎረቤቶቻችን ባሕር አቋርጠው መጡ

ከኩየራ ወደ ሻሸመኔ ሲገቡ የጃማይካ ሠፈር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 አምስት ጋሻ መሬት በውጭ ላሉ ጥቁሮች ሰጡ፤ በዚያ ላይ ራስ ተፈሪያኖች መጥተው ሠፈሩ። ደርግ ከመሬቱ አብዛኛውን ወረሰባቸው፣ እነሱ ግን አልሄዱም። እነዚህ ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡት ምን ፍለጋ ነው? አያት ፍለጋ ነው! አያቶቻቸው በባርነት ሲወሰዱ ስማቸውም ተወስዷልና።

በአሜሪካ ያሉትም እንደዚያው ናቸው። በአሜሪካ በ1850 እና በ1860 በተደረጉት ቆጠራዎች ባሪያዎች በተለየ መዝገብ ተመዝግበዋል። መዝገቡ ላይ የጌታው ስም ይጻፋል፤ የባሪያው ግን ዕድሜና ጾታ እንጂ ስም የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም በስማቸው የተቆጠሩት ባርነት ከቀረ በኋላ በ1870 ነው። ስለዚህ የዛሬ የልጅ ልጆቻቸው አያት ሲፈልጉ እዚያች ዓመት ላይ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። ባርነትና ጢሰኝነት አንድ አይደሉም፤ ያን ማለቴ አይደለም። ግን ያቺን በባለርስቱ ስም የተቆረጠች የ1955 ደረሰኝ ሳይ የመዝገቡ ዓመል አንድ መሆኑ ይታየኛል፦ ከላይ የባለቤቱ ስም፣ ከታች የሠራው ሰው።

የኛስ መዝገብ? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። አባባ በመንግሥት የተቆጠሩት በስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው ማለት ነው። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው! ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ማስረጃችን የእናት አፍ ነው። እናትና አያት ሲሞቱ ማስረጃው አብሮ ይቀበራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መንግሥት። ስለ ታሪክ ንግግር ማብዛቱን ይተውና በየወረዳው ምድር ቤት አይጥ የሚበላውን ወረቀት ያውጣልን። የግብር መዝገብ፣ የቀላድ መዝገብ፣ የገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የምልምል ወታደር ዝርዝር፣ ይሄ ሁሉ የአገር ሀብት ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የ1950ዎቹን የግብር መዝገብ ፈልጌ ብሄድ «አሮጌ ወረቀት ለማስቸገር ነው እንጂ ምን ያደርግልሃል? ቦታ ስለጠበበ ተወግዷል» ተባልኩ። ተወግዷል! የሺህ ጢሰኞች ስም ለመደርደሪያ ቦታ ተብሎ ተወገደ። ለሐውልት ሚሊዮን ሲመደብ ለመደርደሪያ ብር ጠፋ? በጦርነት የጠፉ ልጆች ዝርዝርም ካለ ለወላጆቻቸው ይነገር። ለቅሶ መቀመጥም መብት ነው።

ሁለተኛ፣ እኛ። ሻሸመኔ ስትቃጠል ሱቅና መኪና ብቻ አይደለም የተቃጠለው። ከየቤቱ ሣጥን ጋር የስንት ቤተ ሰብ ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ፎቶግራፍ አብሮ ነደደ። የአንዱ ቤት ወረቀት ሲነድ የአጥቂውም አያት ታሪክ አብሮ ይነዳል፤ ምክንያቱም ጎረቤት ነበሩ፣ ደረሰኙ ላይ ባንዱ ስም የከፈለው ሌላው ሊሆን ይችላልና። ያላችሁን ወረቀት ፎቶ አንሱ፣ አባዙ፣ ለእኅት ለወንድም አከፋፍሉ። አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሴት አያቶችን በተለይ ጠይቁ፤ በደረሰኝም በመታወቂያም ስማቸው የለም፣ ያላቸው አፋቸው ብቻ ነው። የሰማችሁትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ ፖለቲከኞች። ያኛውም ወገን ይሄኛውም ወገን ስለ አያቶቻችን ሲምልና ሲገዘት እንሰማለን። አንዱ «አያቶቻችሁ ገዢዎች ነበሩ» ይለናል፤ ሌላው «አያቶቻችሁ አገር ሠሪዎች ነበሩ» ይለናል። ሁለቱም አያቶቻችንን አያውቋቸውም! የግዛቱ ግፍ እውነት ነው፤ የአራሹ ድካምም እውነት ነው። ግፉን የሠራ ይታወቅ፣ ይነገር፣ ይመዝገብ። ግን ስም ይጠራ እንጂ ዘር አይጠራ። የጠመንጃው ባለቤትና የጠመንጃው ተሸካሚ አንድ ተደርገው የሚፈረድባቸው ፍርድ፣ ፍርድ አይደለም።

ለርዕሱ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ካለ ይኸውላችሁ። አያቴ ነፍጠኛ አልነበሩም፣ ገባር ብቻም አልነበሩም። የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። አምስት ጊዜ አገዛዝ ሲለወጥ አይተው፣ ለሁሉም ከፍለው፣ ከአንዱም ደህና ደረሰኝ ሳያገኙ የሄዱ ሰው። አገሪቱ በብዛት የተሠራችው ከእንደዚህ ያለ ሰው ነው። በስሙ መጋደል ይቅርና መጀመሪያ ስሙን እንወቅ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!